አባ ባሕርይ ያለ ዓመተ ምሕረት የጻፉት ታሪክ

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የሰባ ሰባቱ ድርቅ መቼ ነበር?

«ስሙ ላይ አለ እኮ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ፤ ታዲያ ያው ድርቅ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ጋ 1984፣ ሌላው ጋ 1985 የሚሆነው ለምንድን ነው? ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ዘገባ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ነው። ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት የተካሄደው ደግሞ ጁላይ 13 ቀን 1985። ወደ እኛ ስትመልሷቸው ጥቅምት 13 እና ሐምሌ 6 ይሆናሉ፤ ሁለቱም 1977 ዓ.ም. ላይ። ፈረንጁ ለሁለት የከፈለው ዓመት ለእኛ አንድ ነው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጡ ወጣቶች ፊት የተንበረከኩት፣ በቡራዩ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ በቀል እንዳይመጣ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። ፎቶውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። የእንግሊዝኛው ዜና «ሴፕቴምበር 2018» ይለዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ተማሪ ይህን ዜና አግኝቶ፣ እንደ ብዙዎቻችን «ስምንት መቀነስ ነው» ብሎ ቢቀንስ መስከረም 2010 ይደርሳል። በመስከረም 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገና ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። አየሽ አየህ? አንዲት ዓመት ተሳስታ መንግሥት ትቀይራለች። (ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት ነው የሚቀነሰው። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ይመስለኛል፤ ግን ማን ያስታውሳል?)

ለመሆኑ ዓመት የሚቆጠረው ከምን ተነስቶ ነው? ይህን ጥያቄ ሳብሰለስል ከሮም በፊት ያገኘኋቸው ሰው የገዛ ደጋችን ሰው ናቸው።

አባ ባሕርይ ይባላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የጋሞ ካህን ናቸው። አንዳንድ አጥኚዎች ከአባያ ሐይቅ በላይ ካለችው፣ የጥንት ብራናዎች ካሏት ከብርብር ማርያም ጋር ያገናኟቸዋል። የጻፉት ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ነው፤ በግእዝ፣ በ20 አጫጭር ምዕራፎች። የመጽሐፉ ርእስ ዛሬ የማንጠቀምበትን የድሮ መጠሪያ ስለያዘ እዚህ አልደግመውም፤ የፈለገ አያጣውም። አባ ባሕርይ ይህን የጻፉት አገራቸው ጋሞ በጦርነት ተመታ፣ ንብረታቸው ተዘርፎ ነው። ስለዚህ ብዕራቸው ውስጥ ቁጣ አለ፤ ያን አውቆ ማንበብ ነው።

የሚገርመው ግን ወዲህ ነው። ተዘርፎ የጻፈ ሰው እርግማን ብቻ ጽፎ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሳቸው ግን የወጓቸውን ሰዎች የዘመን አቆጣጠር ቁጭ ብለው መዘገቡ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ያልፋል። አባ ባሕርይ እያንዳንዱን ምድብ «ሉባ» እያሉ በተራ ይጠሩታል፤ መልባ፣ ሙደና፣ ቂሎሌ፣ ቢፎሌ፣ መስሌ፣ ሐርሙፋ፣ ሮበሌ፣ ቢርመጄ፣ ሙለታ። በየትኛው ሉባ የት ተዘመተ፣ ማን ተዋጋ፣ የትኛው አገር ተያዘ የሚለውን ይተርካሉ። አጠገቡም ንጉሡን ያስቀምጣሉ፤ መልባን በወናግ ሰገድ ማለትም በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እያሉ።

ከዓለም ፍጥረት ይህን ያህል፣ ከክርስቶስ ልደት ይህን ያህል እያሉ ግን አይተርኩም። ቢሆንም መጽሐፉ ዘመኑ አልጠፋበትም። ዘጠኝ ሉባ በስምንት ዓመት ሲባዛ 72 ዓመት ነው። የነገሥታቱ ዘመን ከሌላ ምንጭ ስለሚታወቅ፣ የታሪክ ሰዎች ሁለቱን አስተያይተው ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1594 ዘረጉት። መጽሐፉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1593 ተጻፈ የሚባለውም በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። በእኛ 1585 ወይም 1586 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አጼ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን። የሹማምንት ስም ዝርዝር፣ የሥልጣን ዘመን ርዝመት፣ ከጎኑ አንድ የሚታወቅ ንጉሥ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሮማውያንም ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚህ የተለየ ነገር አልነበራቸውም። ሮም ያን ሁሉ አገር ስትገዛ «ዘንድሮ ስንት ነው?» ብትሏት ቁጥር አትነግራችሁም፤ የሁለት ሰዎች ስም ነው የምትነግራችሁ። በየዓመቱ ቆንስል የሚባሉ ሁለት ሹማምንት ይመረጡ ነበርና ዓመቱ የሚጠራው በእነሱ ነው። ውል ሲጻፍም፣ የወይን ጠጅ በእንስራ ሲታሸግም «እገሌና እገሌ ቆንስል በነበሩ ጊዜ» ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ዩልዮስ ቄሣርና ቢቡሉስ የሚባል ሰው አብረው ተሾሙ። ቄሣር ሥራውን ሁሉ ብቻውን ጠቀለለው፤ ቢቡሉስ አኩርፎ ቤቱ ተቀመጠ። የከተማው ቀልደኞች ታዲያ ዓመቱን «ዩልዮስና ቄሣር ቆንስል በነበሩ ጊዜ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። የፖለቲካ ቀልድ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ተመልከቱ።

«ሮም ከተቆረቆረች» እያሉ የሚቆጥሩም ነበሩ፤ ቫሮ የተባለው ሊቅ የከተማዋን ልደት ከክርስቶስ በፊት 753 ላይ አስቀምጦታል። ይህ ግን ይበልጡን የምሁራን አቆጣጠር ነበር፤ ገበያ ላይ የሚሠራው የቆንስሎቹ ስም ነው። ፈረንጆች አዲስ ዓመትን ጃንዋሪ 1 የሚያከብሩትም የዚህ ትራፊ ነው። ድሮ የሮም ዓመት የሚጀምረው በማርች ነበር። (ሴፕቴምበር በላቲን ከሰባት ቁጥር ወጥቶ ዘጠነኛ ወር ላይ የተገኘው ለዚህ ነው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ153 ጀምሮ ቆንስሎቹ ሥራ የሚረከቡት ጃንዋሪ 1 ሆነ፤ ውሎ አድሮ ዓመቱም ሹማምንቱን ተከትሎ ሄደ።

እዚህ ላይ የጋሞ ልጅ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በብዙዎቹ የጋሞ ደሬዎች የሃላቃ ሹመት ሥርዓት ከመስቀል በዓል ጋር የተሳሰረ ነው። «ዮ ማስቃላ» ለእኛ ከደመራ በላይ የሆነው፣ ዓመቱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት በር የሆነው፣ ሹመትም እርቅም ከብት ማረድም እዚያው ላይ ስለሚገናኙ ነው። ሹም ሲለወጥ ዓመት ይለወጣል፤ ሮም ሄዳችሁ ብትጠይቁም ያው ነበር መልሱ።

ቄሣር ያቃናው የወራቱን ነገር ነበር። የሮም ካህናት ዓመቱ ከፀሐይ ጋር እንዲስማማ አንዳንዴ ትርፍ ወር የመጨመር ሥልጣን ነበራቸው፤ ሥልጣን ባለበት ደግሞ ጉድ አይጠፋም፤ ወዳጃቸው ሲሾም ዓመቱን ያስረዝማሉ፣ የማይወዱት ሲሾም ዝም ይላሉ። ቄሣር ይህን ሊያጸዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት 46ን የ445 ቀናት ዓመት አደረገው። የአንድ ዓመት ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው አስቡለት! ከዚያ በኋላ 365 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ። ምክሩን ያገኘው ከግብፅ ነው፤ ሶሲጌኔስ ከሚባል ሊቅ።

ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣውም በግብፅ በኩል ነው። ግብፆች 12 ባለ ሠላሳ ቀን ወራትና 5 ትርፍ ቀናት ነበሯቸው። አራተኛዋን ሩብ ቀን ስለማይቆጥሩ ዓመታቸው በፀሐይ ላይ ይንሸራተት ነበር። አንድ ንጉሣቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ስድስተኛ ቀን ይጨመር ብሎ አዋጅ አወጣ፤ የሰማው የለም። ግብፅ በሮም እጅ ስትወድቅ ግን የቄሣር ወራሽ አውግስጦስ ስድስተኛዋን ቀን በየአራት ዓመቱ በግድ አስገባት። ጳጉሜ 6 ማለት ይህቺ ናት። «ጳጉሜ» ራሱ «ተጨማሪ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ አንድ ቀን የምታቆየን የሮም ቄሣር ትእዛዝ ናት።

ወራቱ ይህን ይመስላሉ። ዓመቱስ ከማን ተነስቶ ይቆጠር?

ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. በ284 ነገሠ። የግብፅ ሊቃውንትም እንደ ልማዳቸው «ዲዮቅልጥያኖስ በነገሠ በ1፣ በ2፣ በ3» እያሉ መቁጠር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ303 ይህ ሰው በክርስቲያኖች ላይ የሮም ታሪክ የሚያስታውሰውን ትልቁን ስደት አወጀ፤ በ305 ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ሥልጣኑን ለቆ አገሩ ገባ። ተመለስ ሲሉት «በገዛ እጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ይህን አትጠይቁኝም ነበር» አለ ይባላል። ጎመን በጤና ማለት ይህ ነው። እሱ ጎመኑን ሲኮተኩት ግብፅ ውስጥ ቆጠራው አላቆመም፤ ከሞተም በኋላ ቀጠለ። የፋሲካን ቀን የሚያሰሉ ክርስቲያኖች ሳይቀሩ በአሳዳጃቸው ዘመን ነበር የሚቆጥሩት። ከጊዜ በኋላ ስሙን ገለበጡትና «ዓመተ ሰማዕታት» አሉት። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ትጠቀምበታለች፤ የእኛ 2018 ዓ.ም. ለእነሱ 1742 ነው። ዓመቱ የገዳዩ ነበር፤ የተገደሉት ወረሱት።

እ.ኤ.አ. በ525 ሮም የነበረ ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ ግን የስም ለውጡን አልጠበቀም። የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ የአሳዳጅን ስም ማቆየት አልፈልግም አለና ከጌታ ሥጋዌ መቁጠር ጀመረ። የድሮው ሠንጠረዥ ዲዮቅልጥያኖስ 247 ላይ ሲያበቃ የእሱ 532 ብሎ ቀጠለ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ከዚህ ሠንጠረዥ የወጣ ነው። ከእሱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ አስልቶት ነበር። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት፤ ቄሶቻችን «አምስት ቀን ተኩል» የሚሉት። የእሱ ስሌት የሚያርፈው ዲዮናስዮስ 8 እና 9 በሚላቸው ዓመታት ላይ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሁለት መነኮሳት፣ ሁለት ስሌት።

ስለዚህ ታክሲ ውስጥ የምንሰማውን ሁለት ነገር ብንተወው ጥሩ ነው። አንደኛው «ከዓለም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተናል» የሚለው ነው። ማንም ወደ ኋላ አልቀረም፤ መነሻው ነው የተለየው። ሁለተኛው «የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባት ዓመት አበላሸው» የሚለው ነው። ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1582 ያነሣው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ኦክቶበር 4 ተኝተው ኦክቶበር 15 ተነሡ። ዓመቱን አልነካውም። ለነገሩ አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች ሄሮድስ የሞተው ዲዮናስዮስ ካስቀመጠው ልደት አራት ዓመት ቀድሞ ነው ስለሚሉ፣ ሁለቱም መነኮሳት ዘግይተዋል።

የእስክንድርያ ስሌት ወደ እኛ የመጣው ጳጳስ በመጣበት መንገድ ነው። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። በነገራችን ላይ የኢዛናን ዘመን እርግጠኛ ያደረገልን አንዱ ነገር የሮሙ ቄሣር ቁንስጣንጢዎስ እ.ኤ.አ. በ356 አካባቢ ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ ነው። አባ ባሕርይን በልብነ ድንግል፣ ኢዛናን በቁንስጣንጢዎስ፤ ብልሃቱ አንድ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ደግሞ 5500ን ዛሬም በየዓመቱ ይጠቀምበታል። 5500 ላይ 2018 ደምሩ፣ 7518። ለአራት ሲካፈል 1879። ሁለቱን ደምሩ፣ 9397። ለሰባት ስታካፍሉት 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ፤ መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለው ሐሙስ ነበር።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር። «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ራሱ ሁልጊዜ ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ጥንት ሊቃውንቱ 19ን በ28 አባዝተው በ532 ዓመት የሚዞር ዙር ይቆጥሩ ነበር፤ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ከ1 ይጀመራል። መነሻው ያው የዲዮቅልጥያኖስ 284 ነው፤ ቀጣዮቹ 816፣ 1348፣ 1880። ክብረ ነገሥት መጨረሻው ላይ ከግብፅ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው ይላል። በዛሬው አቆጣጠር 409 ዓ.ም. ብትሉት አክሱም ውስጥ ናችሁ፤ ላሊበላ ሊወለድ ገና ብዙ መቶ ዓመት ይቀረዋል። በዙሩ ስትቆጥሩት ግን 816 ላይ 409 ሲደመር እ.ኤ.አ. 1225 ይመጣል፤ ላሊበላን ከነቤተ መንግሥቱ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በደጋው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያረጀ ብራና ከፍታችሁ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ «ብራናችን የአክሱም ነው!» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጥሩ ከምን እንደሚነሳ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ጠይቁ።

አዲስ ዘመንም ቢሆን ወጥመድ አለው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዕለት ፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ብለው ጽፈዋል። ዛሬ ግን የካቲት 23 ስንሰለፍ ማርች 2 ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900ን ባለ 366 ቀን አላደረገውም፣ የእኛ ግን ጳጉሜ 6ን አልዘለለም፤ በመሀል አንዲት ቀን ተንሸራተተች። በ2100ም እንዲሁ ትንሸራተታለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚወለዱ ልጆች ገናን ጃንዋሪ 8 ያከብራሉ።

ይህ ሁሉ ለእኔ ዝም ብሎ የአጠቃላይ እውቀት ጨዋታ አይደለም። ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች ደጋ ወጥተን ሽማግሌ ስናነጋግር የመጀመሪያ ጥያቄያችን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ነው። ሽማግሌው ያስባሉ፤ እኛ እንዳናፍርባቸው አንድ ቁጥር ይወረውሩልናል፤ እኛም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳንጽፍ ማስታወሻችን ላይ እንወረውረዋለን። የተጠየቁት በማያስቡበት ቋንቋ ነው። በሚያስቡበት ቢጠየቁ ኖሮ ማን ሃላቃ እንደነበረ፣ ካዎው ማን እንደነበረ፣ ዱቡሻ ላይ ምን እንደተወሰነ ይነግሩን ነበር። «ታሪኩ ቀን የለውም» እያልን የምንጥለው ነገር ለካ ቀኑ ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው።

በእርግጥ የሃላቃ ዘመን እንደ ገዳ ስምንት ዓመት ብሎ የተቆረጠ አይደለም፤ ከደሬ ደሬ ይለያያል። ስለዚህ እንደ ሉባው ማባዛት ብቻ አይበቃም፤ ዝርዝሩን የሚይዝ ካስማ በየመሀሉ መትከል ያስፈልጋል። ካስማ ደግሞ ሞልቷል። ጣሊያን የገባበትና የወጣበት አለ። የአውራጃው ሳይሆን የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት የወረደበት አለ፤ 1950ዎቹ ውስጥ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ አለ፤ እሱን የረሳ የጋሞ ገበሬ አላውቅም። «ሃላቃ ሆነህ የተሾምከው ከአዋጁ በፊት ነው በኋላ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ከአሥር «በስንት ዓመተ ምሕረት» ትበልጣለች። «ከአንተ በፊት ማን ነበር? ከሱ በፊትስ?» ስትሉ ደግሞ ዝርዝሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል።

መስቀል ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰሞን ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ይገባሉ፣ ርቆ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፣ አዛውንቱ አንድ ቦታ ይገኛሉ። በዓሉ ራሱ የሮም ሰው ነገር አለበት፤ መስቀሉን ያስቆፈረችው እሌኒ የቄሣር ቆስጠንጢኖስ እናት ናት፤ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ካሳደደ ገና ሩብ ምዕት ዓመት ባልሞላው ጊዜ ኢየሩሳሌም የወረደች። ቆርቆሮ ቤቱም ዶርዜ ቤቱም ሥጋ ሲሸት፣ አንዱ አያት ጥግ ይዘው ሲቀመጡ፣ ስልካችሁን ለመቅጃ አውጡት። ፋይሉን ስትሰይሙት ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ።